ኮከቡ ሲሄድ የሚቀረው ተራ፦ «አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ቤዝቦል» ከጅማ ሲታይ

በቀጥታ ልጀምር። «አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ቤዝቦል» የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም ግዙት። መግዛት ካልቻላችሁ የገዛ ሰው ፈልጋችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ቤዝቦል አይታችሁ የማታውቁ ብትሆኑም ግድ የለም። ጅማ ተቀምጬ ስለ አሜሪካ ቤዝቦል የምጽፈው ጌሙ ስለሚያዝናና ብቻ አይደለም። አንድ ነገር በደንብ ስለሚያስተምር ነው፤ ኮንትራቱ ያለቀ ኮከብ ሲሄድ ያሳደገው ክለብ ምን ይቀረዋል? የወሰደውስ ምን ይከፍላል? የጅማ ሰው ይህን ጥያቄ በደንብ ያውቀዋል። በዓይናችን ያየነው ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ጌሙን የጀመረው ማርኩስ ሃይንሶን የሚባል ጀርመናዊ ነው። የመጀመሪያው እትም የወጣው በ1999 ነው። የአሜሪካውን ነገር ሳነሳ ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ የአገራችንን ደግሞ በኛው አቆጣጠር። ጌሙ ውስጥ ዱላ ይዛችሁ ኳስ አትመቱም። እናንተ ሥራ አስኪያጅ ናችሁ። ተጫዋች ታስፈርማላችሁ፣ ትለቃላችሁ፣ በጀት ትመድባላችሁ፣ ወጣት ታሳድጋላችሁ። ፉትቦል ማናጀር የተጫወተ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ስክሪኑ ላይ የምታዩት በአብዛኛው ጽሑፍና ቁጥር ነው፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ ሰንጠረዥ በሰንጠረዥ ላይ። ፊፋ በሚባለው ጌም ላይ እንዳለው ሣሩ ሲያብረቀርቅ፣ ላቡ ሲንጠባጠብ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ይህ የእናንተ አይደለም። ማሰብ፣ ማስላት፣ መጠበቅ የምትወዱ ከሆነ ግን ሌሊቱ ሳታውቁት ይነጋል።

ለኛ አገር ኑሮም የሚመች ነገር አለው። አንዴ ከጫናችሁት በኋላ ዋናው ጨዋታ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ላፕቶፑም የግድ የጌም ላፕቶፕ መሆን የለበትም፣ የቢሮ ሥራ የሚሠራበት ተራ ላፕቶፕ ይበቃዋል። መብራት ቢሄድ ባትሪው እስካለ ትቀጥላላችሁ፣ ሴቭ ማድረግ ብቻ አትርሱ። አስቸጋሪው ግዢው ነው። የሚከፈለው በዶላር ካርድ ስለሆነ ውጭ ዘመድ ያለው ሰው ይቀለዋል። የእኔን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ጭኖልኝ ነው የሄደው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር። ቤዝቦል ውስጥ እንደ እግር ኳስ የዝውውር ሂሳብ የሚባል ልማድ የለም። አርሰናል አንድ ልጅ ከሌላ ክለብ ሲፈልግ ገንዘብ ቆጥሮ ይገዛል። እዚያ ግን ክለቦች በአብዛኛው ተጫዋች በተጫዋች ነው የሚለዋወጡት። አዲስ ልጅ የሚገኘው ደግሞ በዋናነት በድራፍት ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ከኮሌጅ የሚወጡ ልጆች በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ይቀርቡና ክለቦች በተራ በተራ ይመርጣሉ፣ አሁን 20 ዙር ነው። የደከመ ክለብ ቀድሞ ይመርጣል፤ ከ2023 ወዲህ ግን የመጀመሪያዎቹ 6 ተራዎች በዕጣ ነው የሚወጡት፣ ሆን ብሎ መሸነፍ እንዳይኖር። የተመረጠው ልጅ ዋናው ሊግ ከደረሰ በኋላ የ6 ዓመት አገልግሎት እስኪሞላ በክለቡ እጅ ነው። አንድ ዓመት የሚባለው 172 ቀን ነው። ስድስቱ ሲሞላና ኮንትራቱ ሲያልቅ ፍሪ ኤጀንት ይሆናል። ደስ ያለው ጋ ይሄዳል።

በዚህ ጊዜ ነው ካሳ የሚመጣው። ተጫዋቹ በነፃ ስለሄደ ክለቡ ባዶ እጁን እንዳይቀር፣ በገንዘብ ሳይሆን በድራፍት ተራ ይካሳል። የወሰደው ክለብ ደግሞ ከራሱ ተራ ይቀነስበታል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው፤ ግን ውስጡ ሲገባ በጣም ይጣፍጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የውድድር ዓመቱ ሲያልቅ ክለቡ ለሚሄደው ተጫዋች ኳሊፋይንግ ኦፈር የሚሉትን ያቀርባል። የአንድ ዓመት ኮንትራት ነው፣ ዋጋው ደግሞ ድርድር የለውም። በሊጉ ከፍተኛ ደመወዝ የሚያገኙት 125 ተጫዋቾች አማካይ ክፍያ ይሰላና ለሁሉም ያው ነው። በ2012 ሲጀመር 13.3 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ በ2024 መጨረሻ 21.05 ሚሊዮን ደርሷል። ተጫዋቹ እሺ ካለ ለአንድ ዓመት ይቆያል። እምቢ ካለ ወደ ገበያ ይወጣል፣ ካሳውም ከነጭራሹ ትከሻው ላይ ተለጥፎ ይወጣል። ማንም ቢያስፈርመው ተራ ያጣል፣ የቀድሞ ክለቡ ተራ ያገኛል። ኦፈሩን ካላቀረባችሁ ግን ምንም የላችሁም። ተጫዋቹ ሄደ፣ አለቀ።

ጌሙ ላይ ኅዳር ሲደርስ ልብ የሚመታው ለዚህ ነው። የፈጠራ ሊግ ከፍቼ ቡድኔን ጅማ ብዬዋለሁ። አርማው ላይ ጀበና አለ። በጀታችን ከሊጉ ታች ነው፤ ሆን ብዬ ነው ደሃ ክለብ የያዝኩት። ሾርት ስቶፕ በሚሉት የመከላከያ ቦታ ላይ የሚጫወት ልጅ ነበረን፣ እኛው መርጠን እኛው ያሳደግነው፣ ዕድሜው 29፣ የቡድኑ ሁሉ ነገር። ኮንትራቱ ሊያልቅ ሲል ወኪሉ የ7 ዓመት ጥያቄ አመጣ። ብንቀበለው የቡድኑ ደመወዝ ግማሽ እሱ ጋ ይሄዳል። የጎረቤቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጧል፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ኳስ ነክ ነገር ሁሉ ይወዳል።

«ጋሼ፣ ይሂድ እንዴ?»

«ኦፈሩን እናቅርብለትና እንይ።»

«እሺ ቢልስ? ገንዘቡ ከየት ይመጣል?»

ጥያቄው ትክክል ነው። ብዙ ሰው ኦፈሩን እንደ ነፃ ዕድል ያየዋል፤ አይደለም። ተጫዋቹ እሺ ካለ ያን ሁሉ ገንዘብ በአንድ ዓመት መክፈል አለባችሁ። በእውነተኛው ሊግ ከ2012 እስከ 2014 ድረስ እሺ ያለ አንድም ተጫዋች አልነበረም፣ ስለዚህ ክለቦች ዝም ብለው ይሰጡ ነበር። በ2015 ግን ኮልቢ ራስመስ፣ ብሬት አንደርሰንና ማት ዊተርስ ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ሁሉም መጠንቀቅ ጀመረ። እኛም ተጠንቅቀን አሰላን። የ29 ዓመት ልጅ፣ ጤነኛ፣ ገበያው የሚፈልገው፤ እሺ አይልም። አቀረብን። እምቢ አለ። ትልቅ ከተማ ያለ ክለብ ወሰደው። ጎረቤቴ ልጅ አዝኖ ነበር። ሐምሌ ደርሶ ግን ከመጀመሪያው ዙር ቀጥሎ ተጨማሪ ተራችን ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ከእኔ በላይ የተነሳው እሱ ነው። የ18 ዓመት ልጅ መረጥን፣ ሩጫው የሚያስፈራ፣ ዱላው ገና ያልበሰለ። አሁንም ታችኛው ሊግ ላይ ነው ያለው። እየጠበቅን ነው።

በእውነተኛው ሊግ የካሳው ልክ እንደ ክለቡ አቅም ይለያያል፣ እዚህ ላይ አሳቢ የሆነ ሥርዓት ነው። አነስተኛ ገቢ ኖሮት ከሌሎች ድጎማ የሚቀበል ክለብ ተጫዋቹ በ50 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ከፈረመ ከመጀመሪያው ዙር ቀጥሎ ተራ ያገኛል። ከዚያ በታች ከሆነ ወደ ሦስተኛው ዙር አፋፍ ይወርድበታል። ደመወዙ ከተቀመጠው ጣሪያ አልፎ ቅጣት የሚከፍል ሀብታም ክለብ ግን ተጫዋች ቢሄድበት የሚያገኘው ከአራተኛው ዙር በኋላ ነው። የሚያስፈርመውም ላይ እንደዚሁ ነው። ድጎማ ተቀባዩ ሦስተኛ ምርጥ ተራውን ብቻ ያጣል። መካከለኛው ሁለተኛውን ያጣል፣ ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ልጆችን ከሚያስፈርምበት ገንዘብ ላይም 500 ሺህ ዶላር ይቆረጥበታል። ቅጣት ከፋዩ ደግሞ ሁለተኛውንም አምስተኛውንም፣ ከዚያኛው ገንዘብም 1 ሚሊዮን።

ሁዋን ሶቶ የሚባለውን ኮከብ ውሰዱ። በ2024 መጨረሻ የኒው ዮርኩን ክለብ የያንኪስን 21.05 ሚሊዮን እምቢ ብሎ ከሌላው የኒው ዮርክ ክለብ ከሜትስ ጋር ለ15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ሜትስ ሁለት ተራና 1 ሚሊዮን አጣ። ያንኪስ ከአራተኛው ዙር በኋላ አንድ ተራ አገኘ። ለሶቶ ዓይነት ተጫዋች ይህ ምንም አይደለም፣ ማንም አያመነታም። አሁን ያለው ደንብ ትልቁን ኮከብ አያስቆምም። ማስቆምም የለበትም፤ ሰውየው ስድስት ዓመት ሠርቷል፣ የፈለገበት የመሄድ መብቱ ነው።

አንድ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ተራ ማጣት ልጅ ማጣት ብቻ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ 10 ዙሮች እያንዳንዱ ተራ የተተመነ ገንዘብ አለው፤ ክለቡ ለመረጣቸው ልጆች የሚከፍለው ጠቅላላ በጀት የሚሰላው የእነዚህ ድምር ሆኖ ነው። ሁለተኛ ተራችሁ ሲሄድ ገንዘቡም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቀድሞ የመረጣችሁትን ጎበዝ ልጅ ከኮሌጅ ለማስቀረት ጨመር አድርጋችሁ ልትከፍሉት ብትፈልጉ እንኳ እጃችሁ ያጥራል። ጉዳቱ ድርብ ነው።

«አንድ የድራፍት ተራ ምን ያደርጋል?» የሚል ካለ የማይክ ትራውትን ታሪክ ይስማ። በ2008 መጨረሻ ማርክ ቴሼራ የሚባል ኃይለኛ መቺ ኤንጀልስ ከሚባለው ክለብ ወጥቶ በ8 ዓመት 180 ሚሊዮን ዶላር ያንኪስ ገባ። በጊዜው ደንብ ያንኪስ የመጀመሪያ ዙር ተራውን ለኤንጀልስ አስረከበ። ያ ተራ 25ኛው ነበር። ኤንጀልስ በ2009 በዚያ ተራ ከኒው ጀርሲ ሚልቪል የመጣ የ17 ዓመት ልጅ መረጠ። ትራውት ነው። ሦስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ፣ በ2014፣ በ2016 እና በ2019። ያንኪስም አልከሰረም፣ በ2009 ከነቴሼራ ዋንጫውን በላ። ግን እስቲ አስቡት፤ በዚያው ክረምት ያንኪስ ሲሲ ሳባቲያ የሚባለውን ፒቸር፣ ኳስ ወርዋሪ ማለት ነው፣ ከሚልዋኪ ክለብ ወስዷል። በዘመኑ ተጫዋቾች በነጥብ ደረጃ ይወጣላቸው ነበር፣ ቴሼራ በነጥብ ከሳባቲያ በለጠ፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ዙሩ ተራ ለኤንጀልስ ሄዶ ሚልዋኪ ሁለተኛ ዙር ደረሰው። ትንሹ ከተማ ያሉት ሚልዋኪዎች ምርጥ ፒቸራቸውን አጥተው በነጥብ ልዩነት ኋላ ቀሩ። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሌሎችም አሉ። አሮን ጀጅ በ2013 በ32ኛው ተራ ነው የተመረጠው፤ ተራው ለያንኪስ የመጣው ኒክ ስዊሸር ወደ ክሊቭላንድ ስለሄደ ነው። ጀጅ በ2022 ዓመት 62 ሆም ራን መታ፤ ኳሱን ከሜዳው አጥር በላይ አሳልፎ መምታት ማለት ነው። ዴቪድ ራይት በ2001 በ38ኛው ተራ ለሜትስ የመጣው ማይክ ሃምፕተን ወደ ኮሎራዶ በመሄዱ ነው። ሃምፕተንን ዛሬ ስንት ሰው ያነሳዋል? ራይትን ግን የሜትስ ደጋፊ ሁሉ ያውቀዋል።

ደግሞ ተራ ማለት ኮከብ ማለት አይደለም። ታምፓ ቤይ ሬይስ በጀቱ አነስተኛ ክለብ ነው። ከ2010 በኋላ ካርል ክሮፎርድን ጨምሮ በርካታ ሰው በአንድ ጊዜ ሄደበት፣ ካሳው ተጠራቅሞ በ2011 ከመጀመሪያዎቹ 60 ተራዎች 10 ደረሰው። ሁሉም ሰው ቀናበት። ከእነዚያ መካከል ብሌክ ስኔል ወጣ፣ 52ኛ ሆኖ ተመርጦ በ2018 ለምርጥ ፒቸር የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ። የቀሩት ግን አብዛኞቹ የተጠበቀውን ያህል አልሆኑም። ይህን ጌሙም በደንብ ያሳያል። የመረጣችሁት ልጅ ይጎዳል፣ ያዘግማል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል።

አሁን ስለ አባ ጅፋር። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን አነሳ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ልዩነት ነው የበለጠው። በዚያ ሰሞን ከሂርማታ እስከ ፈረንጅ አራዳ የነበረውን ነገር ያየ አይረሳውም፣ ባጃጁ ሁሉ ባንዲራ አሥሮ ነበር። የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ የኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ኦኪኪ ወደ ግብፁ ኢስማኢሊ ሄደ። አሠልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄደና በ2011 እዚያም ዋንጫ በላ። አባ ጅፋር በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደ። ከአንደኛነት እስከ መውረድ አራት ዓመት።

አንድ ምክንያት ብቻ ነበረው አልልም፤ የክለብ ውድቀት ብዙ ምክንያት አለው። ግን አገራችን ላይ ኮንትራት በአብዛኛው አጭር ነው፣ አንድ ወይም ሁለት ዓመት፣ ክረምት ሲመጣ ግማሹ ቡድን ይበተናል። ጥሩ የሠራ ቡድን ሽልማቱ መዘረፍ ይሆናል። የዓለም እግር ኳስ የራሱ ካሳ አለው፤ ፊፋ አንድ ተጫዋች በገንዘብ ከአገር አገር ሲዘዋወር ከዋጋው 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሳደጉት ክለቦች እንዲከፋፈል ያዛል። ጥሩ ነገር ነው። ግን ኮንትራቱ አልቆ በነፃ የሄደ ተጫዋች ዋጋ ስለሌለው 5 በመቶውም የለም። የቤዝቦሉ ሐሳብ የተሻለው እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ ባይኖርም ካሳ አለ። ካሳው ደግሞ ተበልቶ የሚያልቅ ብር ሳይሆን የነገ ልጅ ነው። እኛ ድራፍት የለንም፣ ስለዚህ እንዳለ ይቀዳ አልልም። ግን የሊጋችን ሰዎች ይህን ቁጭ ብለው ቢያዩት ደስ ይለኛል።

እንዲህ ስል የአሜሪካው ደንብ ያለ ደም መጣ ማለቴ አይደለም። ተጫዋቾቹ ነፃነታቸውን ያገኙት በ1975 መጨረሻ ላይ፣ የአንዲ ሜሰርስሚዝና የዴቭ ማክናሊ ጉዳይ በግልግል ዳኛ ሲወሰን ነው። ባለቤቶቹ ወዲያው ካሳ ፈለጉ፣ ያውም በተጫዋች። በዚህ ምክንያት በ1981 ተጫዋቾቹ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ሥራ አቆሙ፣ 713 ጨዋታ ተሰረዘ። በስምምነቱ የመጣው መፍትሔ እንግዳ ነበር። ክለቦች ማንም እንዳይነካባቸው የሚያስጠብቋቸውን ተጫዋቾች ይዘረዝራሉ፣ ከዝርዝሩ ውጭ የቀሩት አንድ ላይ ይቀመጣሉ፣ ተጫዋች የሄደበት ክለብ ከዚያ ያነሳል። በ1984 መጀመሪያ ዴኒስ ላምፕ ከቺካጎ ዋይት ሶክስ ወደ ቶሮንቶ ሄደ። ዋይት ሶክስ ለካሳ ማንን ቢያነሳ ጥሩ ነው? ቶም ሲቨርን፣ ከሜትስ! ሜትስ ላምፕን አላስፈረመም፣ በነገሩ የለበትም። ታላቁን ፒቸሩን ከሚጠበቁት ዝርዝር ስላላስገባው ብቻ ተወሰደበት። ሲቨር በ1985 300ኛ ድሉን ያገኘው የዋይት ሶክስን ማልያ ለብሶ ነው። ያ ደንብ በዚያው ዓመት ቀረ፣ ካሳው በድራፍት ተራ ብቻ ሆነ።

በተራ መሆኑም ሰው ጎድቷል፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ትልቁ ኮከብ ምንም አይሆንም። የሚጎዳው መካከለኛው ነው። እስከ 2016 በነበረው ደንብ አስፈራሚው ክለብ የመጀመሪያ ዙር ተራውን ያጣ ነበር፣ ከመጀመሪያዎቹ 10 ውስጥ ካልሆነ በስተቀር። ኬንድሪስ ሞራሌስ በ2013 14.1 ሚሊዮኑን እምቢ አለ፣ ማንም ለእሱ ሲል የመጀመሪያ ዙር ተራ ሊያጣ አልፈለገም፣ ያኔ ሰኔ ላይ ይካሄድ የነበረው ድራፍት እስኪያልፍ ያለ ክለብ ተቀመጠ። ድራፍቱ ካለፈ ቅጣቱ ይነሳልና። ደንቡ ከለዘበ በኋላም ዳላስ ካይክልና ክሬግ ኪምብረል በ2019 እንዲሁ ሆኑ። ካይክል የሳይ ያንግ ተሸላሚ ነው፣ ኪምብረል ከቦስተን ጋር በ2018 ዋንጫ የበላ። ካይክል 17.9 ሚሊዮን እምቢ ብሎ በመጨረሻ ለግማሽ ዓመት በ13 ሚሊዮን አትላንታ ገባ። ሠራተኛው ለክለቡ ካሳ ከኪሱ ከፈለ ማለት ነው። ይህ ልክ አይደለም። ከ2016 ስምምነት ወዲህ አንድ ተጫዋች ኦፈሩ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲቀርብለት መደረጉ ነገሩን አሻሽሎታል። የኔ ሐሳብ ግን ግልጽ ነው፤ ያጣው ክለብ ይካስ፣ ያስፈረመው ግን አይቀጣ። ያኔ ተጫዋቹ ሸክም ይዞ ገበያ አይወጣም።

ጌሙ ጎበዝ የሚሆነው ሁለቱም ወገን ላይ ስለሚያስቀምጣችሁ ነው። አንድ ክረምት ላይ ፒቸር አጥተን ነበር። ገበያው ላይ ደህና ሰው አለ፣ ኦፈር እምቢ ብሎ የወጣ። ብናስፈርመው ተራ እናጣለን። የ32 ዓመት ሰው ነው፣ ሁለት ዓመት ቢሠራልን ነው። ያ ተራ ደግሞ ለደሃ ክለብ ሕይወቱ ነው። ተውነው። ሚያዝያ ላይ ፒቸሮቻችን በተጋጣሚ ሲደበደቡ፣ እሱ ደግሞ አሁንም ያለ ክለብ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሳየው አሳዘነኝ፤ የካይክልን ነገር ካነበብኩት በላይ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይህን የሚያደርግ ሌላ ጌም አላየሁም።

ለማን ይሆናል? ኪቶ ፉርዲሳ ያላችሁ የኢንጂነሪንግና የኮምፒውተር ተማሪዎች፣ ቁጥር የምትወዱ፣ ለእናንተ ነው። ስታትስቲክስ ከመጽሐፍ ሲሆን የሚያደክመው ሰው እዚህ ላይ ሳያውቀው ይሠራዋል። የክለብ ሥራ ውስጥ ያላችሁም ሞክሩት። ከጓደኛ ጋር ፈጣን ግጥሚያ ለሚፈልግ ግን አልመክረውም፣ አንድ የውድድር ዓመት 162 ጨዋታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው፣ ምህፃረ ቃሉ ብዙ ነው። ስለ ሜዳው ሕግ አትጨነቁ፣ ቡና ይዛችሁ አንድ ሁለት ጨዋታ ከተመለከታችሁ በቂ ነው። ዕድሜ፣ ኮንትራት፣ የአገልግሎት ዓመትና ደመወዝ የሚሉትን ዓምዶች ቀድማችሁ ልመዱ።

ሊጉን ስትከፍቱ ደንቦቹን እናንተ ናችሁ የምትወስኑት፣ የፍሪ ኤጀንት ካሳውንም ማጥፋት ይቻላል። አታጥፉት። ከተቻለ አንድ ሊግ ካሳው በርቶ፣ ሌላ ሊግ ካሳው ጠፍቶ ጀምሩና ሁለቱም ላይ ደሃ ክለብ ያዙ። ኅዳር ከመድረሱ በፊት ኮንትራታቸው የሚያልቅባቸውን ልጆች ዝርዝር አውጡ፣ ማን እሺ እንደሚል ማን እምቢ እንደሚል ወረቀት ላይ ጻፉ። ኦፈር የማቅረቢያው ቀን አጭር ነው፣ ቀኑን ዝም ብላችሁ ካሳለፋችሁት ተጫዋቹም ተራውም አብረው ይሄዳሉ።